የሔዋን ስውር ልጆች

ኤልፍ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን በገና ፊልም ላይ ለሳንታ ክላውስ አሻንጉሊት የሚሠራው ድንክዬ ነው፤ አለዚያም ከ«የቀለበቶቹ ጌታ» የወጣው ረጅምና መልከ መልካም ቀስተኛ። ድንክዬው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ነው። ቀስተኛውን የቀረጸው ቶልኪን ግን በኦክስፎርድ የጥንታዊ እንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበርና ለጥንቱ ኤልፍ ይበልጥ የቀረበው እሱ ነው።

የጥንቱ ኤልፍ ቁመቱ እንደ ሰው፣ ጠባዩ ግን የማይታመን ነበር። ቃሉን ብዙ አጥኚዎች «ነጭ» ከሚል ሥር ያመጡታል። እንግሊዞች በስሙ ልጆቻቸውን ይሰይሙ ነበር፤ አልፍሬድ «የኤልፍ ምክር» ማለት ነው። ይሁን እንጂ ይፈሩታል። ሰውም ሆነ ፈረስ ድንገት ውጋት ሲይዘው ኤልፍ በማይታይ ፍላጻ ወጋው ይባላል። የዛሬ 1,000 ዓመት ገደማ በተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ለውጋት የሚሆን ፈውስ ሰፍሯል፦ ቀይ ሳማ ከሌሎች ሁለት ዕፀዋት ጋር በቅቤ ይፈላል፣ ድግምትም ይደገማል።

ወጉ እስከ ዛሬ የዘለቀው አይስላንድ ነው። እዚያ «ሁልዱፎልክ»፣ ስውራን ሰዎች፣ ይሏቸዋል። በቋጥኝና በጉብታ ውስጥ ይኖራሉ፤ ከብት ያረባሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ መኖሪያቸውን የነካ ግን ወዮለት። ኮፓቮጉር በተባለች ከተማ አንድ የመኪና መንገድ የኤልፎች ጉብታ ከሚባለው ቦታ ሲደርስ ይጠባል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ አቅራቢያ አዲስ መንገድ ሲሠራ፣ የኤልፎች ቤተ ክርስቲያን ነው የተባለ 70 ቶን ገደማ የሚመዝን ቋጥኝ በክሬን ተነሥቶ ወደ ዳር ተዛወረ። መንገዱን ከተቃወሙት ሰዎች ብዙዎቹ የተቆረቆሩት እሳተ ገሞራ ለፈጠረው የድንጋይ ሜዳ ነበር፤ የውጭ ጋዜጦች ግን ወሬው የጣማቸው በኤልፎቹ ነው።

አይስላንዶች የእነዚህን ፍጥረታት አመጣጥ ሲተርኩ እግዚአብሔር የሔዋንን ልጆች ሊያይ መጣ ይላሉ። ሔዋን ያላጠበቻቸውን አፍራ ደበቀች፤ እሱም ከእኔ የተሰወረ ከሰው ይሰወር አለ። ይህ ለእኛ እንግዳ ወሬ አይደለም። ስለ ዛር አመጣጥ የሚነገረው ተረት ሔዋን ከ30 ልጆቿ ያማሩትን 15ቱን ደበቀች፣ የተደበቁትም ተሰውረው ቀሩ ይላል። የአይስላንዷ ሔዋን የሰወረችው ያፈረችባቸውን ነው፣ የእኛዋ የሳሳችላቸውን። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ያጣ የፎክሎር ተማሪ ካለ ከዚህ ይጀምር።