ከፊደል ቆጠራ ወዲያ፦ አንብቦ መረዳትና የቃላት እውቀት በደሴና በኮምቦልቻ

አንብቦ መረዳት የሁለት ችሎታዎች ውጤት ነው፦ ፊደሉን አይቶ ቃሉን መጥራት፣ የተጠራውንም ቃል በቋንቋው ማወቅ። ፊሊፕ ጎፍና ዊልያም ተንመር እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት ሁለቱ እንደ ብዜት ናቸው፤ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው የቱንም ያህል ቢበዛ መረዳት አይገኝም።

በወሎ ሁለቱ ችሎታዎች ለዘመናት በየተራ ሲሰጡ ኖረዋል። በደሴ ዙሪያ፣ እነ ቦሩ ሜዳን በመሰሉ የቤተ ክህነት ትምህርት ማዕከሎች፣ ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳን አልፎ መልእክተ ዮሐንስንና ዳዊትን በግዕዝ ያነባል፤ ያነበበው የሚገባው ግን ቆይቶ፣ ቅኔ ቤትና ትርጓሜ ቤት ሲገባ ነው። ቁርአን ቤት የገባውም ልጅ ሉሁ ላይ የተጻፈለትን ዐረብኛ አሳምሮ ይቀራል፤ ትርጉሙ የሚፈታለት ወደ ኪታብ ተሻግሮ ሸሁ በአማርኛ ሲያብራራለት ነው። ቋንቋው ለልጁ ባዕድ በሆነበት ትምህርት ይህ ቅደም ተከተል ምክንያት ነበረው። በአማርኛ አፉን የፈታ ልጅ ግን ትርጉሙን የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። እንዲያም ሆኖ ዘመናዊው ክፍል ከጥንቱ የወረሰው በኅብረት ጮኾ ማንበቡን ነው፤ ከትርጓሜ ቤቱ የወሰደው ጥቂት ነው።

ክፍተቱ በምዘና የታየው በ2002 ዓ.ም. ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ፣ አማርኛን ጨምሮ በስድስት ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ብዙ ልጆች ስለ አንዲት አጭር ምንባብ ከተጠየቁት አንዱንም መመለስ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች አዳዲስ የመማሪያ መጻሕፍት ተዘጋጁ።

የአማርኛ ፊደል የራሱ ጠባይ አለው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ ብዙ ቢመስሉም ድምፁን በቀጥታ ስለሚያሳዩ አንዴ ከተያዙ አያስቸግሩም። መጥበቅና መላላትን ግን አያሳዩም። «ገና» በዓሉ ይሁን ወይስ «ገና አልመጣም» እንደሚባለው፣ «ዋና» ውኃ ውስጥ የሚዋኘው ይሁን ወይስ ዋነኛው፣ የሚለየው በዐረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ በአማርኛ መረዳት አንዳንዴ ከመጥራትም ይቀድማል፤ ቃላትን ነጥሎ በሰሌዳ ላይ ማስጠራት ይህን አያስተምርም።

የቃላት ትምህርትም ከቋንቋው አሠራር ሊነሣ ይችላል። «ጻፈ» ያለውን ያወቀ ልጅ ጸሐፊን፣ ጽሕፈትን፣ መጻፊያን፣ ተጻጻፈን በአንድ ቤተሰብ ሊይዛቸው ይችላል። «ስላላነበበችልን» ያለችው አንዲት ቃል ምክንያትን፣ አሉታን፣ ድርጊቱን፣ አድራጊዋንና ለማን እንደሆነ ይዛለች፤ ልጁ እየበታተነ ቢፈታት ሙሉ ዐረፍተ ነገር ያገኝባታል። ቃላትን ከነፍቺያቸው ደርድሮ ማስሸምደድ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ከቤት የሚመጣውም ሀብት ቀላል አይደለም። እንቆቅልሽ፣ ተረትና መንዙማ ልጁ ገና ማንበብ ሳይጀምር የሚሰማቸው ረቂቅ ቃላት መገኛ ናቸው። መምህሩ ተረት እያነበበ ቆም ብሎ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ቢል፣ ፊደል ያልጨረሰውም ልጅ መረዳትን ይለማመዳል። የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ግን ከቤት ቋንቋ ይርቃል፤ «ትነት»፣ «ንጽጽር» ያሉ ቃላት ማብራሪያ ይሻሉ። ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ልጆች አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ ማለትም በላቲን ፊደል፣ ስለሚማሩ፣ ከዚያ ወደ ከተማዋ የሚዛወር ተማሪ ቋንቋና ጽሕፈት በአንድ ጊዜ ይለወጡበታል።

በቅርብ ዓመታት ሥራውን ካከበዱት መካከል ሁለት መቋረጦች ይገኛሉ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘጉ፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ሁለቱንም ከተሞች አዳረሰ። በ2012 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሳይደግም ቢያልፍ በ2014 ሦስተኛ ክፍል ነበር፤ ሁለቱም መቋረጦች ያረፉት ንባብ በሚጸናባቸው ዓመታት ላይ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ በክፍል ደረጃው መጽሐፍ ከመቀጠል በፊት የት ላይ እንደተቋረጠ መለየት ይቀድማል፦ ፊደሉ ላይ፣ ፍጥነቱ ላይ ወይስ ቃላቱ ላይ። መድኃኒታቸው ይለያያል። ፊደል ለጠፋበት የፊደል ልምምድ፣ ለተንቀራፈፈው ያንኑ ምንባብ ደጋግሞ ማንበብ፣ ቃል ላጠረው ደግሞ ማዳመጥና መነጋገር ያስፈልገዋል። የአካባቢውን የአንደኛ ደረጃ መምህራን የሚያሠለጥነው የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ስለሆነ፣ ይህ የመለየት ክህሎት ወደ ክፍል የሚገባበት ቅርቡ በር እሱ ነው።