ሰንጢ በጨው ውኃ ፊት

ሰንጢ ስለቱ ታጥፎ እጀታው ውስጥ የሚገባ የኪስ ቢላዋ ነው። ከሌላው ቢላዋ የሚለየው አፎት አለመፈለጉ ብቻ አይደለም፤ መገጣጠሚያም አለው። ስለቱ የሚዞርበት ብሎን፣ ሲዘረጋ እንዳይመለስ የሚይዘው መቆለፊያና መቆለፊያውን የሚገፋው ሞላ ጠባብ ቦታ ላይ ተደራርበው ይቀመጣሉ። ውኃ ከገባ ቶሎ የማይወጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰንጢ ዝገት ቻይነት የሚለካው በስለቱ ብቻ ሳይሆን በዚህ በማይታየው ክፍሉም ነው።

በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ ከተማ ዙሪያ፣ ቢላዋና ውኃ በየቀኑ ይገናኛሉ። ቆሮሶ የተባለው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከከተማዋ አጠገብ ወዳለው ሐይቅ ከገባ ወዲህ ዓሣ ማጥመድ የብዙዎች መተዳደሪያ ሆኗል። ቅርፊት ለመላጥ፣ ሆድ ዕቃ ለማውጣት፣ ፊሌቶ ለማንሳት፣ የተወሳሰበ የመረብ ክር ለመቁረጥ ስለት ያስፈልጋል። ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ባይኖረውም ውኃው ጨዋማ አይደለም፤ አልካላይንነት ያለው ጨው አልባ ውኃ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟው ማዕድን አንድ ግራም አይሞላም። የቀይ ባሕር ውኃ ግን በሊትር 40 ግራም ያህል ጨው ይይዛል።

ብረት የሚዝገው ውኃና ኦክስጅን ሲያገኙት ነው። ጨው ራሱ ብረት አይበላም፤ ውኃውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ አድርጎ ሥራውን ያፋጥነዋል። ጨው በበዛ ቁጥር ዝገትም ይበዛል ማለት ግን አይደለም። በጣም የከበደ የጨው ውኃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ተራ ብረት በፍጥነት የሚዝገው ከመቶው ሦስት እጅ ያህል ጨው ባለበት ውኃ ነው። ይህ ደግሞ የባሕር ውኃ ልክ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህም የሚብሰው ስለቱ ባሕር ውስጥ ተነክሮ ሳይታጠብ አየር ላይ ሲቀመጥ ነው፤ በላዩ የሚቀረው ስስ እርጥበት ጨውም ኦክስጅንም ሞልቶታል።

ቀጥቃጮች ከመኪና ባሌስትራ የሚሠሩት ቢላዋ በዚህ ፈተና አያልፍም። የባሌስትራ ብረት 0.6 በመቶ ያህል ካርቦን ስላለው ይጠነክራል፣ በሞረድም ሲሳል ጥሩ ስለት ያወጣል፤ ክሮሚየሙ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ በመቶ አይሞላም። ባሕር ዳርቻ አንድ ሌሊት ቢያድር ቀይ ለብሶ ይገኛል። ሐይቅ ላይ ግን ተጠርጎና ደርቆ ከተቀመጠ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። እንዲያውም ለዚያ ሥራ ከብዙ ገበያ መጥ ርካሽ ሰንጢዎች ይሻላል።

የማይዝግ ብረት የሚባለው ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ያለው ነው። ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ በብረቱ ፊት ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ልባስ ይሠራል፤ ቢጫርም ኦክስጅን እስካለ ራሱን ይጠግናል። ሃሪ ብሬርሊ በእንግሊዟ ሼፊልድ ይህን ዓይነት ብረት እ.ኤ.አ. በ1913 ሲያወጣ ይሠራ የነበረው ለጠመንጃ አፈሙዝ ነበር። ለቢላዋ ይሆናል ብሎ ሲያቀርበው የከተማዋ ቢላዋ ሠሪዎች የማይቆርጥ ቢላዋ ፈልሳፊ እያሉ አላገጡበት። ቀልዳቸው ፍሬ ቢስ አልነበረም። ስለትን የሚያጠነክረው ካርቦን ክሮሚየምን ወደ ራሱ ስቦ ጠጣር ቅንጣት ይሠራል፤ ለልባሱ የሚተርፈው ክሮሚየም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለት የሚይዝ ብረት ለዝገት ይቀርባል፣ ዝገት የሚቋቋመው ደግሞ ቶሎ ይደንዛል። 440ሲ የሚባለው የታወቀ የቢላዋ ብረት 17 በመቶ ያህል ክሮሚየም ይዞ እንኳ ባሕር ላይ ቡናማ ነጥብ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጥቡ ትንሽ መስሎ ቢታይም ዋናው ጉዳት እሱ ነው። በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ልባሱን በደካማ ቦታው ይበሳና ወደ ውስጥ ይቆፍራል። በመገጣጠሚያው ውስጥ ደግሞ ታጉሮ የቀረው ውኃ ኦክስጅኑን ሲጨርስ ልባሱ መጠገኛ ያጣል፤ ውጪው የሚያብረቀርቅ ሰንጢ ውስጡ ሊበላ ይችላል።

መላ የተገኘው ከካርቦን ይልቅ ናይትሮጅን በመጠቀም ነው። ናይትሮጅን ብረቱን ያጠነክራል፣ ክሮሚየሙን ግን እንደ ካርቦን አይቀማም። የጃፓኑ ኤች1 እና በመጀመሪያ ለአውሮፕላን ኩሺኔታ የታሰበው ኤልሲ200ኤን ከዚህ ወገን ናቸው። ስፓይደርኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በእነዚህ ብረቶች ከሠራቸው ሰንጢዎች ብዙዎቹን “ሶልት”፣ ማለትም ጨው፣ ብሎ ሰይሟቸዋል። በባሕር ውኃ ውስጥ ቀናት ቢያሳልፉም ስለታቸው ዝገት አያወጣም ማለት ይቻላል። ኤች1 ግን ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ቶሎ መሳል ይፈልጋል። ጥርስ የወጣለት ስለቱ ግን የመረብ ገመድ በመቁረጥ ጥርስ ከሌለው የበለጠ ይቆያል። እጀታው ብዙውን ጊዜ በመስታወት ጭረት የተጠናከረ ናይለን ነው። ቀድሞ የሚዝገው ስለቱ ሳይሆን የኪስ ማንጠልጠያው ብሎን ሆኖ ሲገኝ ማንንም ሊያስገርም አይገባም።

ታዲያ በሐይቅ ከተማ ዙሪያ ጨው ሰንጢን የሚያገኘው የት ነው? ከሐይቁ ይልቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ዓሣ ጨውና ሎሚ ተነስንሶበት ሲከተፍ አሲዱና ክሎራይዱ አብረው ስለቱ ላይ ይቀራሉ፤ ያልታጠበ ቢላዋ ከአንድ ወር የሐይቅ ሥራ ይልቅ በአንዲት እንዲህ ባለች ሌሊት ይጎዳል። በረኪናም ክሎሪን ያዘለ ስለሆነ የማይዝገውን ብረት ሳይቀር ይበሳል። የብረት ሽቦ መፈግፈጊያም የራሱን ብናኝ ትቶ ይሄዳል፤ የማይዝገው ቢላዋ ዛገ የሚባለው አንዳንዴ ይኸው ብናኝ ሲዝግ ነው። ከዚህ ሌላ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጂቡቲ የሚመላለስ ሾፌር ወይም በአፋር የጨው ሥፍራ የሚሠራ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ሰንጢ እውነተኛውን ፈተና ይቀበላል። ለባሕር የተሠራው ውድ ሰንጢ ዋጋውን የሚያወጣው እዚያ ነው።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ሰንጢው ተከፍቶ መገጣጠሚያው ጭምር ጨው በሌለው ውኃ ይታጠባል፤ የሐይቁ ውኃም ይበቃል። ሳይታጠፍ ይደርቃል፣ ከዚያ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ብሎኑ ላይ ይደረጋል። የኑግ ዘይት አይመከርም፤ ሲቆይ እንደ ሙጫ ይይዛል። ስለቱ ሲከፈት መክበድ ወይም ሻካራ ድምፅ ማውጣት ከጀመረ ዝገቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። መቆለፊያው ጠቅ ብሎ ቦታውን ካልያዘ ደግሞ ተፈትቶ እስኪጸዳ ድረስ ሥራ ላይ አይውልም፤ በግፊት ጊዜ ስለቱ የሚመለሰው ጣት ላይ ነው።