በሁለት ባህል መካከል፦ ሉላዊነትና የሥነ ልቦና ድርሻ

ሉላዊነት ሲነሳ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ንግድና ስለ ቴክኖሎጂ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄፍሪ አርኔት ግን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ ትልቁ ለውጥ የሚታየው በሰው ማንነት ላይ እንደሆነ አስረድተዋል። እንደ ምሁሩ ገለጻ፣ በርካታ ወጣቶች አንዱ በአገራቸው ባህል፣ ሌላው በዓለም አቀፉ ኑሮ የተቀረጸ ጥንድ ማንነት ይዘው ያድጋሉ። ሁለቱን ማስታረቅ ያቃታቸው የየትኛውም እንዳልሆኑ ይሰማቸዋል።

ካናዳዊው ጆን ቤሪ ደግሞ ወደ ሌላ ባህል የገባ ሰው የሚይዛቸውን አራት መንገዶች ለይተዋል፦ የራሱን ባህል ጠብቆ አዲሱን መልመድ፣ የራሱን ትቶ በአዲሱ መዋጥ፣ ከአዲሱ ርቆ በወገኖቹ መካከል መታጠር፣ አለያም ከሁለቱም ውጭ መቅረት። በአመዛኙ የመጀመሪያው ለአእምሮ ጤና የተሻለ፣ የመጨረሻው ደግሞ የከፋ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁንና ምርጫው የመጤው ብቻ አይደለም፤ ተቀባዩ ኅብረተሰብም በሩን መክፈት አለበት። የዕረፍት ቀን የሌላት የቤት ሠራተኛ ቋንቋ ልልመድ፣ ወዳጅ ላፍራ ብትል በየትኛው ጊዜዋ?

ሥነ ልቦና ራሱም ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 እንዳመለከቱት፣ በታወቁ የሙያው መጽሔቶች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ብቻ ከሚኖርባቸው አገሮች የመጡ ነበሩ። በእነዚህ ሰዎች ላይ የተመሠረተ መጠይቅ «ሐሳብ በዛብኝ፤ ራሴን ያቃጥለኛል» የምትል አማርኛ ተናጋሪ ሲያጋጥመው ሕመሟን ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል።

የዚምባብዌው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ የጀመሩት ከዚሁ ከሰው አነጋገር ነው። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ማለት ሐሳብ ማብዛት ነው። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬዋ ምባሬ የሚኖሩ አያቶችን አሠልጥነው፣ በጤና ጣቢያ ግቢ በተቀመጠ አግዳሚ ወንበር ላይ ከተጨነቁ ሰዎች ጋር እንዲነጋገሩ አደረጉ። አያቶቹ የታካሚውን ችግር አዳምጠው፣ ከመካከሉ አንዱን አስመርጠው መፍትሔውን አብረው ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በዚህ መንገድ የተረዱት ሰዎች ከ6 ወር በኋላ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ይልቅ የቀለለ ምልክት እንደነበራቸው አሳይቷል። አግዳሚ ወንበሩ ከሐራሬ ተነሥቶ ኒው ዮርክ ድረስ ተሻግሯል።