መንገዱ የሚቋረጥበት ቦታ

አንዲት ተማሪ ጠዋት ከቤቷ ወጥታ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ወደሚርቀው ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች እንበል። የእግረኛ መንገዱ ሰፊና ንጹሕ ነው። ሱቆቹን አልፋ ወደ መስቀለኛው መንገድ ስትቃረብ ግን ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድ ይገጥማታል፤ አጠገቡ የመብራት ምሰሶ ተተክሏል፤ ከምሰሶው ቀጥሎ የግንባታ አሸዋ ተከምሯል። ልጅቷ ወደ አስፋልቱ ወርዳ አሥር እርምጃ ያህል ትሄድና ተመልሳ ትወጣለች። በእነዚያ አሥር እርምጃዎች መካከል ከኋላዋ የመጣ ሚኒባስ ቦርሳዋን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ያልፋል።

ይህ መንገድ በካርታ ላይ ቢለካ 99 በመቶው ተሠርቷል። እናቷን ግን ልጇን ብቻዋን ለመላክ እንድትፈራ የሚያደርጋት ያቺ የቀረችው አንድ በመቶ ናት። ሰው በእግሩ ወይም በብስክሌት ልሂድ ብሎ ሲወስን መንገዱን የሚመዝነው እጅግ በሚያስፈራው ቦታ ነው። የከተማ ዕቅድ ባለሙያዎች ስለ ነጠላ መንገድ ከማውራት ይልቅ ስለ መረብ የሚያወሩትም ለዚህ ነው።

ይህን በተግባር ካሳዩት ከተሞች አንዷ የስፔኗ ሴቪያ ናት። እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ድረስ እዚያ በብስክሌት የሚንቀሳቀስ ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። በጋው ከ40 ዲግሪ በላይ የሚያቃጥል፣ ጎዳናው በመኪና የተሞላ ከተማ ነው። የከተማዋ አስተዳደር ግን ዘንድሮ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ለከርሞ ሦስት ኪሎ ሜትር እያለ አልተንፏቀቀም። በማኑኤል ካልቮ የተመራው የዕቅድ ቡድን መኖሪያ ሰፈሮችን፣ ዩኒቨርሲቲውንና መሀል ከተማውን የሚያያይዝ 80 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነደፈ፤ ያም በአንድ ጊዜ ተሠራ።

ቦታው ከየት ተገኘ? በአብዛኛው ከመኪና ማቆሚያ። አምስት ሺህ ያህል የማቆሚያ ቦታዎች ተነሡ። መሬቱ ወደ እግረኛ መንገዱ ከፍታ ተደልድሎ አረንጓዴ ቀለም ተቀባ፤ ብስክሌተኛው ከመኪና ጋር እንዳይጋፋም ተከለለ። በ2010 እ.ኤ.አ. መረቡ 120 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ወጪው ወደ 32 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። በየቀኑ በከተማዋ የሚንቀሳቀሱት ብስክሌቶች ከ6 ሺህ ገደማ ተነሥተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 70 ሺህ አሻቀቡ። የሴቪያ ፀሐይ አልበረደችም፤ የሕዝቡም ጠባይ በአንድ ሌሊት አልተለወጠም። የተለወጠው መንገዱ ነው።

የዚህን ዕድገት ምሥጢር በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። አሥር ሰፈሮችን የሚያገናኝ አንድ የብስክሌት መረብ አለ እንበል። በውስጡ ሰፈርን ከሰፈር የሚያጣምሩ 45 የጉዞ ዓይነቶች ይኖራሉ። ከወንዙ ማዶም አሥር ሰፈሮች ያሉት ሌላ መረብ ቢኖር በድምሩ 90 ይሆናሉ። አሁን ሁለቱን መረቦች በአንዲት አጭር ድልድይ ብናገናኛቸው ሃያዎቹ ሰፈሮች እርስ በርስ ይደራረሳሉ፤ ጉዞዎቹም 190 ይሆናሉ። መቶ አዳዲስ ጉዞዎችን ያስገኘችው አንዲት ድልድይ ናት። ተቆራርጠው የሚሠሩ መንገዶች ምንም ያህል ቢረዝሙ ሰው አልባ ሆነው የሚቀሩት ይህች መጋጠሚያ ስለምትጎድላቸው ነው።

መጋጠሚያው ደግሞ ብዙ ጊዜ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው፤ እዚያ ላይ የሚፈርደው ፍጥነት ነው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። አሽከርካሪው ልጅ ስትሻገር አይቶ ፍሬኑን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ እስከዚያ መኪናው ፍጥነቱን ቅንጣት ሳይቀንስ 14 ሜትሩን ይጨርሳል። በሰዓት 30 የሚሄደው ግን ፍሬኑ ደኅና፣ አስፋልቱም ደረቅ ከሆነ በ13 ሜትር ገደማ ውስጥ ጭራሹን ይቆማል። ልጅቷ 13 ሜትር ርቀት ላይ ብትሆን ቀርፋፋው ፊቷ ላይ ይቆማል፤ ፈጣኑ በሙሉ ፍጥነቱ ይመታታል። የተሸከመው ኃይልም ከቀርፋፋው ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ዜብራውን በእግረኛ መንገዱ ከፍታ ልክ ከአስፋልቱ ከፍ አድርጎ መሥራትና ማዕዘኑን ማጥበብ የሚያስፈልገው አሽከርካሪው ወዶም ሆነ ሳይወድ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረጉ ጉዞዎች ከግማሽ የሚበልጡት በእግር ናቸው። በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት መካከልም የሚበዙት እግረኞች ናቸው። ለብዙ ዓመታት የተሰጣቸው መፍትሔ መሻገሪያ ድልድይ ነበር። በቀለበት መንገዱ የሚያልፍ ሰው ግን ድልድዩ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሞ ሳለ ሰዎች የኮንክሪቱን አጥር እየዘለሉ ሲሻገሩ ያያል። ስንፍና ነው ብሎ መፍረድ ይቀላል። ጀርባዋ ላይ ልጅ ያዘለች፣ በእጇ ዘንቢል የያዘች ሴት ግን ያን ሁሉ ደረጃ ወጥታ መውረድ አለባት፤ መኪናው በቀጥታ ያልፋል። ድካሙን የተሸከመው አቅም የሌለው ወገን ነው፤ ይህ የንድፍ ስሕተት ነው።

ከተማዋ ይህን ለማረም ሞክራለች። መንገድ ለሰው የተባለው ከመኪና ነጻ ቀን በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ተጀመረ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የአሥር ዓመት ስትራቴጂ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የእግረኛና 200 ኪሎ ሜትር የብስክሌት መንገድ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ለመሥራት አቀደ። የኮሪደር ልማቱም በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችንና የብስክሌት መስመሮችን አምጥቷል። የአዲስ አበባ ዳገት ለብስክሌት አይመችም የሚለው ሙግት እውነትነት አለው፤ ከእንጦጦ ሥር እስከ አቃቂ ያለው ቁልቁለት ሲመለሱ ዳገት ነው። ሜዳማዋ ባሕር ዳር ግን በብስክሌተኞቿ የታወቀች ናት፤ እነርሱም የተከለለ መስመር ይገባቸዋል።

በአዲስ አበባ ሥራው የሚቀረው ከዋናው ጎዳና ወደ ሰፈር በሚታጠፍበት፣ የአዲሱ ንጣፍ ጠርዝ በሚያልቅበት ቦታ ነው። ስለዚህ በ2028 የተሠራው ሁሉ ሲቆጠር፣ ከኪሎ ሜትሩ ጎን የተቋረጡት ቦታዎችም በየወረዳው ተቆጥረው ለነዋሪው ይነገሩ።