ከማባዛት በፊት

በፕሮባቢሊቲ ኮርስ ውስጥ ደካማው ተማሪ ብዙም አያሳስበኝም። የት ላይ እንደጠፋበት ያውቃል፤ ይጠይቀኛል፣ አስረዳዋለሁ፣ እንቀጥላለን። የሚያሳስበኝ ጎበዙ ነው። የማስተምረው ክፍል ከየባቹ ውጤታቸው ከፍ ያለ፣ ኢንተግራል የማያስደነግጣቸው፣ ማረጋገጫ መጻፍ የሚወዱ ልጆች የሚሰበሰቡበት ነው። ስሌት አያቅታቸውም። የፈተና ወረቀታቸውን ሳርም ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል፤ ሁለት ዕድሎች በትክክል ተባዝተዋል፣ መልሱም እስከ አራተኛው አሥርዮሽ ተጽፏል፣ ለማባዛት ምን እንደፈቀደላቸው ግን በወረቀቱ ላይ የትም የለም።

ፈቃዱን የሚሰጠው ተማሪዎቻችን «ኢንዲፔንደንት» የሚሉት ሐሳብ ነው። የአንዱን ክስተት መድረስ ማወቃችን የሌላውን ዕድል ከፍም ዝቅም ካላደረገው ሁለቱ ኢንዲፔንደንት ናቸው፤ አብረው የመድረሳቸውም ዕድል የየራሳቸው ዕድል ብዜት የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። ሩሲያዊው አንድሬ ኮልሞጎሮቭ በ1933 ባሳተመው ቀጭን መጽሐፍ ፕሮባቢሊቲን በጥቂት አክሲዮሞች ላይ ሲያቆመው፣ ለዚህ የትምህርት ዘርፍ የራሱ መልክ የሚሰጠው ይህ ሐሳብ መሆኑን ገልጿል። የመማሪያ መጻሕፍቱ ግን «ኢንዲፔንደንት ናቸው እንበል» ይሉና ወደ ቲዎረሙ ያልፋሉ። ተማሪውም አብሮ ያልፋል። በእኔ አስተያየት ከሴሚስተሩ ሰፊው ጊዜ የሚገባው ለዚያች «እንበል» ነው።

ይህን ለማሳየት በየሴሚስተሩ የአንዲት እናት ጉዳይ አነሳለሁ። ሳሊ ክላርክ እንግሊዛዊት የሕግ ባለሙያ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ በታኅሣሥ 1996፣ ሁለተኛው በጥር 1998 (በእነሱ አቆጣጠር) ገና ጥቂት ሳምንታት እንደኖሩ ሞቱ። ሁለቱንም ገድላለች ተብላ ተከሰሰች። በ1999 በተሰማው ችሎት ታዋቂ የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ሮይ ሜዶው ለምስክርነት ቀርበው፣ እንደ እሷ ባለ ቤተሰብ ማለትም ማንም ሲጋራ በማያጨስበት፣ ገቢ ባለበት፣ የእናቲቱ ዕድሜ ከ26 በላይ በሆነበት ቤት ምክንያቱ ያልታወቀ ድንገተኛ የሕፃን ሞት ከ8,543 አንድ ነው አሉ። ሁለት ልጅ በዚያ መንገድ የመሞቱ ዕድል ደግሞ ከ73 ሚሊዮን አንድ ነው ተባለ። ክላርክ ጥፋተኛ ተብላ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባት።

ተማሪዎቼን መጀመሪያ አስባዛቸዋለሁ። 8,543 በራሱ ሲባዛ 72,982,849 ይመጣል። ስለዚህ ብዜቱ ላይ ስሕተት የለም። ቀጥዬ ይህን ብዜት ለመሥራት ምን ማመን እንደሚያስፈልግ እጠይቃለሁ። ክፍሉ ጥቂት ዝም ይልና መልሱ ይመጣል፤ ሁለቱ ሕፃናት የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው፣ የተኙት በአንድ ቤት ነው፣ የሚጋሩት ደም አለ። እኛ የማናውቀው በዘር የሚተላለፍ ወይም በዚያ ቤት ውስጥ ያለ ምክንያት ካለ፣ የመጀመሪያው ሞት የሁለተኛውን ዕድል ከፍ ያደርገዋል። የመጀመሪያውን 1/8,543 የምንቀበለው እንኳ ቢሆን፣ ለሁለተኛው ያንኑ ቁጥር የመድገም መብት ማንም አልሰጠንም።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። ቁጥሩ ትክክል ነው ብንል፣ የምን ዕድል ነው? በአጋጣሚ የተመረጠ አንድ ቤተሰብ ሁለት እንዲህ ያለ ሞት የሚደርስበት ዕድል ነው። እናቲቱ ንጹሕ የመሆኗ ዕድል አይደለም። ሁለት ልጆቿን የምትገድል እናትም እጅግ ብርቅ ናት። ሁለቱ ልጆች መሞታቸው ከታወቀ በኋላ መመዘን ያለበት ብርቁ ነገር ከሌላው ብርቅ ነገር ጋር ነው። ይህን ምዘና የሚሠራው የቤይስ ቲዎረም በየመጽሐፉ በሦስት መስመር የሚጻፍ ነው፤ እዚህ ግን የሰው ሕይወት ይዞ ይመጣል። የብሪታንያ ሮያል ስታቲስቲካል ሶሳይቲ በጥቅምት 2001 ቁጥሩ ስታቲስቲካዊ መሠረት እንደሌለው በይፋ አሳወቀ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በጥር 2003 ፍርዱን ሻረው፤ ዋናው ምክንያት በሁለተኛው ልጅ ላይ የተደረገ የላቦራቶሪ ምርመራ ውጤት ለተከላካዮች ሳይገለጽ መቅረቱ ቢሆንም፣ ዳኞቹ ቁጥሩንም ነቅፈዋል። ሳሊ ክላርክ በ2007 አረፈች።

ተማሪዎቼ በሐኪሙ ይቆጣሉ። ቁጣውን አላበርደውም፤ ግን በዚያው ሳምንት የሰጡኝን የቤት ሥራ አውጥተው እንዲያዩት አደርጋለሁ። የአንድ መንደር ሁለት ገበሬዎች ምርት በድርቅ የመጥፋቱን ዕድል እንዲያሰሉ ጠይቄያቸው ነበር። አብዛኞቹ አባዝተዋል። ዝናቡ ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ከዚህ በኋላ አንዳንዶቹ ወደ ሌላው ጽንፍ ይሄዳሉ፤ ጥገኝነት ካለ ምንም ማስላት አይቻልም ብለው ያስባሉ። ለዚህ እቁብን የሚያህል ምሳሌ አላገኘሁም። አሥራ ሁለት አባላት አሉ፤ በየወሩ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ከዕጣው ይወጣል። በአምስተኛው ወር የሚደርስህ ዕድል ስንት ነው ብዬ ስጠይቅ፣ «በኋላ ሰው ስለሚቀንስ ዕድሉ ይጨምራል» የሚል አይጠፋም። ይሠሩታል፤ 11/12 ሲባዛ በ10/11፣ በ9/10፣ በ8/9፣ ከዚያ በ1/8። ላይና ታች ተጣፍቶ የሚቀረው 1/12 ነው፤ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ወር እንዲሁ። አራት ወር ሳይደርሰው የቀረ ሰው ዕድሉ 1/8 መሆኑም እውነት ነው፤ ሁለቱ አይጋጩም፣ የሚለያዩት ምን እንደታወቀ ነው። ሁለት አባላት ደግሞ ኢንዲፔንደንት አይደሉም። አንዱ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከደረሰው፣ የሌላው በእነዚያው ወራት የመድረስ ዕድል ከ1/2 ወደ 5/11 ይወርዳል። እንግዲህ ነጻነት፣ ማለትም ኢንዲፔንደንት መሆን፣ ሳይኖር እኩልነት አለ ማለት ነው። ጣሊያናዊው ብሩኖ ደ ፊኔቲ በ1930ዎቹ ትልቅ ቲዎሪ የገነባው በዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ላይ ነበር። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ «እነ እናቴ እቁብ ግን የመጀመሪያው ለዳኛው ነው» አለችኝ። በአንዳንድ እቁብ በእርግጥ እንዲያ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ከልማዱ ጋር እንደገና ሠራነው፤ ለቀሪዎቹ አሥራ አንድ አባላት ከሁለተኛው ወር ጀምሮ 1/11 ሆነ። ከዚያ ሴሚስተር በኋላ ጥያቄውን ስሰጥ ዕጣው እንዴት እንደሚወጣ አልናገርም፤ መጀመሪያ እንዲጠይቁኝ እፈልጋለሁ።

ሰርጌ በርንስታይን ያመጣው ምሳሌም ለዚህ ክፍል ይመጥናል። ባለ አራት ፊት ጠንካራ አካል አንዱ ፊቱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አራተኛው ሦስቱም ቀለም ያለበት ነው። እያንዳንዱ ቀለም መሬት በነካው ፊት ላይ የመገኘቱ ዕድል 1/2፣ የማናቸውም ሁለቱ 1/4 ነው፤ ስለዚህ ጥንድ ጥንዱን ስናይ ሁሉም ኢንዲፔንደንት ናቸው። የሦስቱ አብሮ መገኘት ግን 1/8 ሳይሆን 1/4 ነው። በጥንድ መርምሮ ጨርሻለሁ የሚል ሰው የሚያመልጠው ነገር እዚህ በዓይን ይታያል።

ከሁሉ የምወደው ግን የማርኮቭ ሳምንት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሞስኮው ፓቬል ኔክራሶቭ ብዙ ሙከራዎች ሲደመሩ አማካዩ ረግቶ የሚታየው ነጻነት ስላለ ነው አለ፤ ከዚያም አልፎ ይህን የሰው ልጅ በራሱ ፈቃድ የሚሠራ ለመሆኑ ድጋፍ አደረገው። የፒተርስበርጉ አንድሬ ማርኮቭ አልተቀበለውም። በ1906 ባወጣው ጽሑፍ እያንዳንዱ ውጤት ከፊቱ ባለው ላይ ቢንጠለጠልም አማካዩ ሊረጋ እንደሚችል በማረጋገጫ አሳየ። በ1913 ደግሞ ከፑሽኪን «የቭጌኒ ኦኔጊን» 20,000 ፊደላትን በእጁ ቆጠረ። ይህ ሳር ቤት አካባቢ አደባባይ የተሰየመለት ፑሽኪን ነው፤ ተማሪዎቼ ስሙን ሲሰሙ ጆሯቸው ይቆማል። አናባቢዎቹ 8,638፣ ተነባቢዎቹ 11,362 ሆኑ። ፊደላቱ እርስ በርስ ኢንዲፔንደንት ቢሆኑ ኖሮ አናባቢ በአናባቢ የሚከተልበት ቦታ 3,700 ገደማ መሆን ነበረበት። ማርኮቭ ያገኘው 1,104 ነው።

ይህን በራሳችን ጽሕፈት እንሞክረዋለን። በእኛ ፊደል አናባቢና ተነባቢ በአንድ ምልክት ስለሚጻፉ፣ የማርኮቭን ቆጠራ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ከሚፈልገው ጽሑፍ ሁለት ገጽ ይወስድና እያንዳንዱን ፊደል ሳድስ ነው ወይስ አይደለም ብሎ ይመዘግባል፤ ከዚያ ሳድስ ከሳድስ በኋላ ስንት ጊዜ እንደመጣ ይቆጥራል። አንድ ገጽ ሳይሞላ ጭቅጭቅ ይነሳል። «ብርድ» በሚለው ቃል ሦስቱም ፊደሎች ሳድስ ናቸው፤ «ብ» ላይ ግን የሚሰማ አናባቢ አለ፣ «ር» እና «ድ» ላይ የለም። የሚቆጠረው የተጻፈው ነው ወይስ የሚነበበው? የቃል መጨረሻስ ሰንሰለቱን ይቆርጠዋል? እኔ አልወስንላቸውም። ውሳኔያቸውን ከቁጥሩ በላይ እንዲጽፉት ብቻ አዛለሁ፤ ውሳኔው ሲለያይ ከአንድ ገጽ የሚወጣውም ቁጥር ይለያያልና። ሠላሳ ገጽ ማረጋገጫ ከማጻፍ ይልቅ ይህ የሁለት ቀን ቆጠራ ስታቲስቲክስ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ የበለጠ ያስተምራል ብዬ አምናለሁ። ማረጋገጫ መጻፉም አይቀርላቸውም።

የሥራ ባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ለዚህ ጊዜ የለንም ይላሉ፤ የሴሚስተሩ ይዘት ሰፊ ነው፣ ልጆቹ ወደ ማስተርስ ሲሄዱ የሚጠየቁት ሴንትራል ሊሚት ቲዎረምን ነው። ሥጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ሥራ የሚይዙት ናሙና ባለበት ቦታ ነው፤ ናሙና ደግሞ በአገራችን በግለሰብ ደረጃ በዕጣ አይወጣም።

የ2016ቱን (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንውሰድ፤ ያኔ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት የሠራውን። መጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመረጡ፤ ከዚያ በየቦታው 28 ቤተሰብ። ተማሪ ወደ 18,000 ቤተሰብ መሆኑን ያይና መጽሐፉ ላይ ያለውን ፎርሙላ ያወጣል። ጎረቤታሞች ግን ይመሳሰላሉ፤ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ፣ ልጆቻቸውን ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ይወስዳሉ። ሌስሊ ኪሽ የተባለው የናሙና ሊቅ ይህን መመሳሰል የሚያስገባ ቀላል ማስተካከያ ትቶልናል፤ በየቦታው ከተመረጡት ቤተሰቦች ቁጥር አንድ ይቀነስና በመመሳሰሉ መጠን ይባዛል፣ ከዚያ አንድ ይደመርበታል። መመሳሰሉ 0.05 ብቻ ነው ብንል፣ 1 ሲደመር 27 ጊዜ 0.05፣ ማለትም 2.35 ይሆናል። ያ 18,000 ቤተሰብ የሚሰጠን መረጃ በነጠላ ዕጣ ከተመረጡ 7,700 የማይሞሉ ቤተሰቦች ጋር እኩል ነው። መንደሩ በሙሉ ያለው ወይም በሙሉ የሌለው ነገር ላይ፣ ለምሳሌ የመብራት መስመር ላይ፣ መመሳሰሉ ወደ አንድ ሲጠጋ ሃያ ስምንቱ ቤተሰብ እንደ አንድ ቤተሰብ ይሆናሉ።

«ታዲያ ለምን 28? ለምን በየቦታው አምስት አምስት አይወስዱም?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይመጣል፤ ስጠብቀው የምቆየው ጥያቄ ነው። መልሱ መኪና፣ ነዳጅ፣ የመረጃ ሰብሳቢ አበልና ቦታው ለመድረስ የሚፈጀው ቀን ነው። አንድ ቦታ መድረስ የሃያ ቃለ መጠይቅ ያህል ወጪ ካለው፣ መመሳሰሉም 0.05 ከሆነ፣ የተሻለው ቁጥር የ380 ስኩዌር ሩት ነው፤ ወደ 19። መመሳሰሉ 0.02 ከሆነ ደግሞ 31 ይደርሳል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ጥናቱ በመቶ የሚቆጠር ጥያቄ እያለው የትኛውን መመሳሰል እንደሚይዝ ነው። አንድ ብቻ የለም። ዋና ዋናዎቹን ያማክላሉ፤ ለእያንዳንዱ አመልካች የደረሰውን ጉዳት ደግሞ ከሪፖርቱ ጀርባ ባለው የናሙና ስሕተት ሠንጠረዥ «ዴፍት» በሚለው ዓምድ ያስቀምጡታል። የመጨረሻው የቤት ሥራ እሱ ነው፤ ዓምዱን ከላይ እስከ ታች ያነቡና ትልቅ ቁጥር ያለበት አመልካች ሁሉ ለምን ትልቅ እንደሆነ በራሳቸው ቃል ይጽፋሉ።