«ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» — ስለ መሪዎች አለመከሰስና ስለ ዳኞች ሥልጣን

በዚህ ዓመት የትምህርት ቤታችን የክርክር ማኅበር ካቀረባቸው አርእስት አንዱ «የአገር መሪ በፍርድ ቤት ሊከሰስ ይገባዋልን?» የሚል ነበር። እኔ የቆምኩት «አይገባውም» ከሚሉት ወገን ነው። ለንግግሬ መነሻ ያደረግሁትም አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉ የተናገሩትን ምሳሌ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበልኝ፤ ወገናችንም አሸነፈ። ማታ ቤት ገብቼ ድሉን ለአያቴ ስነግራቸው ግን እርሳቸው አላጨበጨቡም። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልጄ፥ ንጉሡን የሚከስ ከሌለ፥ ንጉሡ ራሱ በተበደለ ቀን ለማን ይጮኻል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ዕለት ጀምሮ መጻሕፍት አገላብጬ፥ መምህራንንም ጠይቄ ያገኘሁትን ለአንባብያን እነሆ አቀርባለሁ።

በቅድሚያ ያለመከሰስ መብት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ይህ መብት ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ለሥራው ተብሎ የሚሰጥ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በ54ኛው አንቀጽ፥ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል በምክር ቤቱ ስለ ሰጠው ድምፅና አስተያየት እንዳይከሰስ ይደነግጋል። እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይታሰርም፤ በወንጀልም አይከሰስም። ይህም የሆነው አባሉ ከሌላው ሰው ስለሚበልጥ አይደለም። መንግሥትን የተቃወመ ሁሉ በማግሥቱ ወደ ወኅኒ እንዳይወሰድ ነው። እንዲህ ያለው መብት እንደ አጥር ነው፤ አጥር ደግሞ በር አለው፤ የበሩን ቁልፍ የያዘው ምክር ቤቱ ነው።

ሁለተኛው ዐይነት ለሰውዬው የሚሰጥ ነው። የ1923ቱም ሆነ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፥ ክብራቸው የማይደፈር፥ ሥልጣናቸውም የማይከራከሩት መሆኑን ይናገሩ ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በ62ኛው አንቀጽ አንድ ተራ ሰው መንግሥትንና መሥሪያ ቤቶቹን በፍርድ ቤት መክሰስ እንዲችል ፈቅዷል፤ ይህ ለዚያ ዘመን ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ዳኞችን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የመጨረሻውም አቤቱታ የሚቀርበው በዙፋን ችሎት በእርሳቸው ፊት ነበር። እንግዲህ ሕጉ ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ እየወጣ ከዙፋኑ ሥር ሲደርስ ይቆማል ማለት ነው። ይህ አጥር አይደለም፤ በር የለውምና። በምሳሌው እንደ ተነገረው ሰማይ ነው።

የአጥርና የሰማይን ልዩነት ለመረዳት ከ1966 ዓ.ም. ክረምት የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። በ1964 ዓ.ም. በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን ጥቂት ሰዎች ዋተርጌት በተባለው ሕንጻ ውስጥ ወደሚገኘው የተቃዋሚው ፓርቲ ጽሕፈት ቤት ሰብረው ሲገቡ ተያዙ። ነገሩ እየተመረመረ ሲሄድ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን በቢሯቸው የተነጋገሩት ሁሉ በቴፕ እንደ ተቀዳ ታወቀ። መርማሪው ቴፑን ጠየቀ፤ ፕሬዚዳንቱ እምቢ አሉ። ሐምሌ 17 ቀን 1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ያስረክቡ» ሲል ወሰነ። በችሎቱ ከተቀመጡት ስምንት ዳኞች ሦስቱን የሾሙት ራሳቸው ኒክሰን ነበሩ፤ ሆኖም ስምንቱም በአንድ ቃል ፈረዱባቸው። ፕሬዚዳንቱም ቴፑን አስረከቡ፤ ነሐሴ 3 ቀን ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጳጉሜን 3 ቀን ተተኪያቸው ጄራልድ ፎርድ ይቅርታ አደረጉላቸው። ይቅርታ ማስፈለጉ ራሱ አንድ ቁም ነገር ያስረዳናል፤ የማይከሰስ ሰው ይቅርታ አያስፈልገውምና።

ኒክሰን ከለቀቁ በ34ኛው ቀን፥ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው በትንሽ ቮልስዋገን ተወሰዱ። ለመውረዳቸው የዳኛ ፍርድ አልነበረም። የታሰሩትን ባለሥልጣኖች ጉዳይ የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ሥራውን ሳይፈጽም ግን ኅዳር 14 ቀን ሌሊት ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተገደሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን ከመካከላቸው ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱም ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ እጅ እንዳሉ ሞቱ። አፅማቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፥ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው በ1993 ዓ.ም. ነው።

የአያቴ ጥያቄ የገባኝ ይህን ባነበብኩ ጊዜ ነው። ከሕግ በላይ የተቀመጠ ሰው የወደቀ ቀን፥ ከበታቹ የሚይዘው ሕግ አያገኝም። ኒክሰንን የተቆጣቸው ዳኛ በዚያው መጠን ከለላቸው ነበር፤ የእኛዎቹ ግን «ይግባኝ» የሚሉበት ችሎት አልነበራቸውም።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ደርግም በተራው ሰማይ ሆነ፤ በቀይ ሽብር ዘመን በእኛ ዕድሜ የነበሩ ብዙ ወጣቶች ያለ ዳኛ ጠፉ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ኮበለሉ። በ1984 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 22 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. የደርግ ባለሥልጣኖች በችሎት ቀረቡ። ከተከሳሾች ወገን ከተነሱት መቃወሚያዎች አንዱ «የመንግሥት መሪ አይከሰስም» የሚል ነበር። ያ የኔ የክርክር ንግግር መሆኑ ነው። ፍርድ ቤቱ በ1988 ዓ.ም. መቃወሚያውን ውድቅ አድርጎ ክርክሩ እንዲቀጥል አዘዘ።

በዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። ዘር ማጥፋትን የሚከለክለውና ወንጀለኛው ገዥም ቢሆን እንዲቀጣ የሚያዘው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ሲወጣ፥ ከዓለም አገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀችው ኢትዮጵያ ናት፤ ቀኑም ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችንም በ281ኛው አንቀጽ ከስምምነቱ አልፎ በፖለቲካ ሐሳባቸው አንድ የሆኑ ሰዎችን ማጥፋትን ጭምር በዚያው ወንጀል አስቀጥቷል። ንጉሥ የማይከሰስባት አገር ገዥዎች እንዲቀጡ በመፈረም አንደኛ መሆኗ ያስደንቃል።

ችሎቱ 12 ዓመት ፈጀ፤ ፍርዱን ሳያዩ በእስር የሞቱም ነበሩ፤ ይህ መዘግየት ነቀፌታ ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በሐሳብ ተለይተው በአብላጫ ድምፅ ጥፋተኞች ተባሉ። በጥር ወር የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደ፤ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. በይግባኝ ወደ ሞት ከፍ አለ፤ በእስር ላይ ለነበሩት ግን የሞቱ ቅጣት በ2003 ዓ.ም. ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ። ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ለሌላው ዳኛ የነፈጉ ሰዎች ዳኛም፥ ጠበቃም፥ ይግባኝም አገኙ። እንዲህም መሆኑ ትክክል ነበር።

ነገር ግን ዳኛ ጦር የለውም፤ ያለው ቃሉ ብቻ ነው። በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በሙስና የተከሰሱት የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ ባዘዙ ጊዜ፥ ተከሳሹ ከችሎቱ እንደ ወጡ እንደ ገና ተያዙ፤ በሙስና ለተከሰሱ ሰዎች ዋስትና የሚከለክል ሕግም በፍጥነት ወጣ። ሕገ መንግሥታችን በ79ኛው አንቀጽ ዳኛ ከሕግ በቀር በማንም እንዳይመራ ይላል። የአንቀጹ ዋጋ የሚለካው ግን ትእዛዙ የማይጥመው ባለሥልጣን በታዘዘበት ቀን ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አሜሪካ እንመለስ። በዚያው በሰኔ 24 ቀን፥ ኢትዮጵያ ስምምነቱን ባጸደቀች ልክ በ75ኛ ዓመቱ በ2016 ዓ.ም.፥ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዶናልድ ትራምፕ ጉዳይ ስድስት ለሦስት በሆነ ድምፅ ወሰነ። በውሳኔው መሠረት ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ሕገ መንግሥቱ ለእርሱ ብቻ በሰጠው ሥልጣን ለሠራው ፈጽሞ አይከሰስም፤ በሌላው የመንግሥት ሥራው እንደማይከሰስ ይገመታል፤ በግል ሥራው ግን ይከሰሳል። ዳኞች በመንግሥት ሥራው ውስጥ ምን አስቦ እንደ ነበር መመርመርም አይችሉም። የዳኞቹ አለቃ ጆን ሮበርትስ፥ ነገ እከሰሳለሁ ብሎ የሚፈራ መሪ ደፍሮ አይሠራም፤ ተከታዩም ሁሉ የቀደመውን እየከሰሰ ይኖራል ሲሉ አስረዱ። ሶንያ ሶቶማዮር በበኩላቸው ፕሬዚዳንቱን ከሕግ በላይ ንጉሥ ያደርገዋል ሲሉ ተቃወሙ።

የብዙኃኑ ሥጋት ከንቱ አይደለም። አዲስ መጤ ሁሉ የቀደመውን ሲያስር ያየነው እኛ ይህን ልንክድ አንችልም። ይሁን እንጂ የቂም ክስ የሚከለከለው መሪውን ሰማይ በማድረግ ሳይሆን ዳኛውን በማጠንከር ነው። አጥሩ ይኑር፤ ግን በር ይኑረው፤ ቁልፉም በአጥሩ ውስጥ ባለው ሰው እጅ አይሁን።

አያቴ እንዳጫወቱኝ፥ በአካባቢያችን በሴራ የሚዳኝ ሽማግሌ የራሱ ወይም የወንድሙ ጉዳይ የቀረበ ቀን ከሽማግሎቹ መካከል ተነሥቶ ከባለጉዳዮቹ ጋር ይቀመጣል። ማንም አያስገድደውም፤ ያላደረገ ግን ሁለተኛ የሚያምነው አያገኝም። ሐዲያም ሆነ ከምባታ፥ ይህን ለማወቅ ዋሽንግተን መሄድ አያስፈልገንም።

ከተማችን ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተመሠረተው ክልል መቀመጫ ሆናለች። ዛሬ ከእኔ ጋር በአንድ ወንበር የሚማሩት ነገ አስተዳዳሪዎች፥ ፖሊሶችና ዳኞች ይሆናሉ። አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ» ብቻ ብለው አላለፉም፤ «ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፥ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» ሲሉም ተናግረዋል። መንገደኛውም «በሕግ አምላክ!» ሲባል ይቆም ነበር። ክርክሩ እንደ ገና ቢደረግ እኔ የምቆመው በወዲያኛው ወገን ነው፤ ጭብጨባውን ባጣውም።