ለአገና የሚሆን የኪስ ካሜራ

ፎቶ ማንሳት የሚወድ ሰው ለመስቀል ወደ አገና ሲሄድ የትኛውን ካሜራ ይያዝ? ሻጭ ይህን ሲጠይቁት በሜጋፒክሰል ቁጥር ይመልሳል፤ ጓደኛ ደግሞ «ስልክህ ምን አነሰው?» ይላል። ሁለቱም መልሶች የተሰጡት የጉራጌ ጎጆ ውስጥ ሳይገባ ነው።

የእዣ ወረዳ ዋና ከተማ አገና የምትገኘው በጅማው መንገድ ቱሉ ቦሎንና ወሊሶን አልፎ ወልቂጤ ከተደረሰ በኋላ ወደ ጉራጌ ደጋ ታጥፎ ነው። በመስከረም አጋማሽ ይህን መንገድ የሚያጨናንቁት ከመርካቶና ከየከተማው ሱቃቸውን ዘግተው ለበዓሉ የሚገቡ ጉራጌዎች ናቸው። ሻንጣው በስጦታ ተጠቅጥቋል፣ ጭን ላይ ልጅ ተቀምጧል። ሁለት ሦስት ሌንስ ያለው ትልቅ ካሜራ እዚህ መሀል ቦታ የለውም። ቢኖረውም ገና ከቦርሳው ሲወጣ ዘመድ ሁሉ ነጠላውን አስተካክሎ ይደረደራል፤ የተደረደረ ዘመድ ፎቶ ደግሞ በየቤቱ ሞልቶ ተርፏል። ከኪስ የሚወጣ ትንሽ ካሜራ ግን ሥራ አያስቆምም።

ትንሽ ካሜራን ካስለመዱት ሰዎች አንዱ ኦስካር ባርናክ የተባለ ጀርመናዊ መካኒክ ነው። አስም ስለነበረበት ከባዱን የመስታወት ፕሌት ካሜራ ተሸክሞ ተራራ መውጣት ከበደው፤ በሲኒማ ፊልም የሚሠራ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ካሜራ ፈጠረ። ይህ ካሜራ ላይካ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1925 ለገበያ ቀረበ። በእኛ አገር በዚያ ዘመን ፎቶ ማለት በአብዛኛው ስቱዲዮ ነበር፤ ከምኒልክ ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ያገለገሉት አርመናውያኑ ቦያጂያኖች ዘንድ ሰው ወደ ካሜራው ይሄዳል እንጂ ካሜራው ወደ ሰው አይመጣም።

ዛሬ ገበያው ተገልብጧል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጃፓን አምራቾች ሌንሳቸው የማይነቀል ዲጂታል ካሜራዎችን ከ100 ሚሊዮን በላይ ለዓለም ልከው ነበር፤ በ2023 ቁጥሩ ከ2 ሚሊዮን በታች ወረደ። ስልክ ርካሾቹን ጠራርጎ ወሰዳቸው። ከተረፉት ውስጥ ገንዘብ ሊወጣባቸው የሚገባው ስልክ የማይችለውን የሚችሉት ናቸው፤ እነሱም ውድ ናቸው።

ስልክ የማይችለው ምንድን ነው? ለዚህ ወደ ጎጆው እንግባ። የጉራጌ ጎጆ ከውጭ ሲያዩት ሰፊና ክብ ነው፣ ውስጡ ግን ጨለማ። ብርሃን በበሩ ይገባል፣ ከውስጥ ደግሞ ምድጃው ይነዳል። የጣራው እንጨትና ሣር በዓመታት ጭስ ጠቁሯል። ክትፎው የሚከተፈው፣ ቆጮው የሚጋገረው፣ ሽማግሌው የሚመርቁት እዚያ ነው። የሰው ዐይን ጥቂት ቆይቶ ጨለማውን ይለምደዋል፤ ካሜራ አይለምደውም። ስልክ ብዙ ፎቶ አከታትሎ አንስቶ በማዋሃድ ጨለማውን ለማብራት ይሞክራል፤ ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ያምርለታል፣ ቢላዋ ይዞ የሚከትፍ እጅ ግን ይደበዝዝበታል።

ስለዚህ ለአገና ካሜራ የሚመረጠው በሚሰበስበው ብርሃን ነው። ይህን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሴንሰሩ ስፋትና የሌንሱ ቀዳዳ። የርካሽ ኪስ ካሜራ ሴንሰር ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። «አንድ ኢንች» የሚባለው ሴንሰር 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ይህም 116 ካሬ ሚሊ ሜትር። ኤፒኤስ ሲ የሚባለው 23.5 በ15.6 ሆኖ ወደ 370 ይጠጋል። የሌንሱ ቀዳዳ ደግሞ በኤፍ ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል።

ሒሳቡ ሲሠራ ያልተጠበቀ ነገር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሪኮ ጂአር 3 ኤፒኤስ ሲ ሴንሰርና ኤፍ 2.8 ሌንስ አለው። በ2014 የወጣው ሶኒ አርኤክስ 100 ማርክ 3 ሴንሰሩ አንድ ኢንች ብቻ ነው፣ ሌንሱ ግን ከኤፍ 1.8 ይጀምራል። የሪኮው ሴንሰር ሦስት እጥፍ ይሰፋል፤ የሶኒው ሌንስ በበኩሉ ከሁለት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ሲካካሱ በመካከላቸው የሚቀረው ልዩነት ትንሽ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው የዚያው የሶኒ ቤተሰብ ማርክ 7 ነው። በ2019 የወጣው ይህ ካሜራ ዙሙ እስከ 200 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ሌንሱ ግን የሚጀምረው ከኤፍ 2.8 ነው። ጎጆ ውስጥ አዲሱና ውዱ በአሮጌው ይበለጣል። ሻጭ ይህን አይነግርዎትም።

ፉጂፊልም እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው የኤክስ 100 ስድስተኛ ትውልድ ሪኮውንም ሶኒውንም ይበልጣል፤ ሰፊ ሴንሰር፣ ኤፍ 2 ሌንስ፣ ዐይን ተጠግቶ የሚያይበት መመልከቻ ሁሉ አለው። ሆኖም 521 ግራም ይመዝናል፣ ውፍረቱም ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። ሪኮው 257 ግራም ነው። ፉጂው ለጃኬት ኪስ ይሆናል፤ ለሱሪ ኪስ አይሆንም። ለእኔ ከኪስ ካሜራ ተራ ወጥቷል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሚቆሙበት ርቀት ነው። 28 ሚሊ ሜትር ከሚባለው የሪኮ ጂአር 3 ሌንስ ጋር አንድ ሜትር ተኩል ርቀው ቢቆሙ ወደ 1.9 ሜትር የሚሰፋ ቦታ ይታይዎታል፤ ከታቢዋ፣ መክተፊያው፣ ጣባውና አጠገቧ የተቀመጠው ሰው አብረው ይገባሉ። በ40 ሚሊ ሜትር ከዚያው ቦታ 1.35 ሜትር ብቻ ይታያል፤ ይህ ሪኮ ጂአር 3 ኤክስ የያዘው ሌንስ ነው። ፊት ብቻ ማንሳት የሚወድ ሰው ይህን ይምረጥ፤ እኔ ግን ጎጆ ውስጥ ወደ ኋላ የምሸሽበት ቦታ ስለሌለ 28ን እመርጣለሁ። በ28 ለማንሳት መጠጋት ግድ ነው። ለመጠጋት ደግሞ መጀመሪያ ሰላም ማለት፣ የእናትየውን ፈቃድ መጠየቅና ቁጭ ብሎ መብላት ያስፈልጋል። የጎመን ክትፎውን ሳይቀምሱ ካሜራ የሚያወጡ እንግዶች ምን ዓይነት ፊት እንደሚጠብቃቸው የአገሩ ልጅ ያውቀዋል።

በጨለማ አውቶ ፎከስ ሲፈልግ ጊዜ ይፈጃል፤ ካሜራው ወዲያና ወዲህ ሲል ቅጽበቱ ያልፋል። ሪኮ ለዚህ ስናፕ ፎከስ የሚባል መላ አለው። ርቀቱን አስቀድመው 2.5 ሜትር ላይ ያደርጉታል፣ ከዚያ ቁልፉን እስከ መጨረሻ በአንድ ጊዜ ሲጫኑ ካሜራው ሳይፈልግ ያነሳል። ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2.8 ተከፍቶም ከ1.8 እስከ 4 ሜትር ገደማ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ጎጆ ውስጥ ያለው ሰው አብዛኛው እዚያ ክልል ውስጥ ነው። ለእኔ ሚዛኑን ወደ ሪኮ የደፋው ይህ ነው።

ፍላሽስ? ሪኮ ጂአር 3 ፍላሽ የለውም፣ ሶኒ ማርክ 3 ግን አለው። በከተማ ቤት የሶኒውን ፍላሽ በጣት ወደ ላይ አዘንብሎ ብርሃኑን በነጭ ኮርኒስ ማንጸባረቅ ይቻላል። በጭስ የጠቆረ ጣራ ግን ብርሃኑን ይውጠዋል እንጂ አይመልሰውም። ፊት ለፊት ከተተኮሰ ደግሞ ምድጃውም ጭሱም ይጠፋል፤ የሚቀረው የነጣ ፊት ነው።

ከቤት ሲወጡ ነገሩ ይለወጣል። ጀፎረ፣ ያ በአጥሮች መካከል የተዘረጋ ሰፊና አረንጓዴ የመንደር መንገድ፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት፣ ለደስታም ለሐዘንም የሚሰበሰቡበት ነው። ሩቅ ያለውን ፈረሰኛ በ28 ሚሊ ሜትር ማንሳት ነጥብ ማንሳት ነው። የፎቶዎ ልብ ጀፎረው ላይ ከሆነ ፍርዱ ይገለበጣል፤ ያ በጎጆው የተሸነፈው ማርክ 7 እዚህ ጌታ ነው። ለደመራው ሁሉም ይበቃል፤ ግን ካሜራ ጨለማ ሲያይ ፎቶውን ማብራት ስለሚወድ እሳቱ ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። መጋለጡን በአንድ ወይም በሁለት ደረጃ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

ዝናቡንም አይርሱ፤ ክረምቱ በመስከረም ደጋውን ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ሪኮውም ሶኒውም ውኃ አይችሉም። የኦሊምፐሱ ቲጂ ዓይነት 15 ሜትር ጥልቀት የሚችል ካሜራ አለ፣ ግን ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ በር ላይ ሲደርሱ ጥቅሙ ያበቃል። ቀጭን የፕላስቲክ ከረጢት ይበቃል። ባትሪን በተመለከተ ሪኮው በአንድ ቻርጅ 200 ያህል ፎቶ ብቻ ያነሳል፤ ሁለተኛ ባትሪ ወይም ፓወር ባንክ ይያዙ።

ዋጋው ይከብዳል። ሪኮ ጂአር 3 ሲወጣ 899 ዶላር፣ ፉጂው 1,599 ዶላር ነበር፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ እነዚህ ቁጥሮች በብር ሲመነዘሩ ያስደነግጣሉ። ስለዚህ ያገለገለ መግዛት አያሳፍርም። በጀቱ ጠባብ ለሆነ ሰው ያገለገለ ሶኒ ማርክ 3 ጥሩ ግዢ ነው፤ አቅም ያለው ሪኮ ጂአር 3ን ይያዝ። ያገለገለ ሪኮ ሲገዙ ግን የሌንሱን ቀዳዳ እስከ መጨረሻ አጥብበው ነጭ ግድግዳ ያንሱ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ገብቷል፣ ሌንሱ ስለማይነቀልም በቤት ውስጥ አይጠረግም። ቀጥሎ ሻጩ የሱቁን መብራት እንዲያጠፋልዎ ይጠይቁና እጁን እያንቀሳቀሰ ያንሱት። መብራቱን ለማጥፋት እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።